20 ሜጋዋት ሶላር ላይ ባትሪ መጨመር፦ ስንት ሜጋዋት፣ ስንት ሜጋዋት ሰዓት፣ የትስ ይቀመጥ?

ፊደር7፦

ሰላም ለቤቱ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ 20 ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫ በ12 ኪሎ ሜትር የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ 132/33 ኪሎ ቮልት ሰብስቴሽን ይገባል። ሰብስቴሽኑ ያለው ትራንስፎርመር አንድ ብቻ ነው፤ 25 ኤምቪኤ (ሜጋ ቮልት አምፒር፣ የማሳለፍ አቅሙ)። ከፍታው 2,400 ሜትር። ቀን ላይ የአካባቢው ጭነት 14 ሜጋዋት ገደማ ነው። ማታ ግን ምጣዱም መብራቱም አንድ ላይ ሲነሳ ከ12:30 እስከ 3:30 ትራንስፎርመሩ አይችለውም፤ ፊደሮቹ (ወደ ሰፈሮቹ የሚወጡት መስመሮች) በፈረቃ ይቆረጣሉ። የሦስቱ ሰዓት ጭነት በቅደም ተከተል 26፣ 29 እና 27 ሜጋዋት ነው። ቀን ደግሞ ደመና ባለፈ ቁጥር ቮልቴጁ ይዋዥቃል።

ረቂቅ ሰነዱ «20 ሜጋዋት/80 ሜጋዋት ሰዓት፣ ባለ 4 ሰዓት ባትሪ» ብሎ ዘግቶታል፤ ሜጋዋቱ በአንድ አፍታ የሚሰጠው ኃይል፣ ሜጋዋት ሰዓቱ የሚይዘው ጉልበት ነው። ለምን 80 እንደሆነ አንድ መስመር ማብራሪያ የለም። ባትሪው ሶላሩ ግቢ ውስጥ በዲሲ በኩል (ከፓነሎቹ ጋር በአንድ ኢንቨርተር) ይግባ ወይስ በኤሲ (ዲሲን ወደ ኤሲ የሚቀይር የራሱን ኢንቨርተር ይዞ) የሚለውም ክፍት ነው። የምታውቁ አስተያየት ስጡበት።

ገቨርነር፦

«ባለ 4 ሰዓት» የሚለው ቁጥር ከካሊፎርኒያ የተቀዳ ነው። እዚያ አንድ ባትሪ በአቅም ሙሉ ሆኖ የሚቆጠረው ኃይሉን ለ4 ሰዓት ያህል መስጠት ከቻለ ነው። ለእነሱ ያስኬዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚጠፋባቸው ኃይል በሺዎች ሜጋዋት ስለሚቆጠር ቀን የተሞላው ባትሪ ማታ ይተካዋል። ሚያዝያ 2016 (በእነሱ ኤፕሪል 16 ቀን 2024) ምሽት ላይ ለጥቂት ጊዜ ከሁሉም የኃይል ምንጭ በልጦ የታየው ባትሪ ነበር፤ ከ6,000 ሜጋዋት በላይ።

የእኛ ቋት (የአገሪቱ የኃይል መረብ) ግን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ቀን ላይ ሶላር 20 ሜጋዋት ሲሰጥ አንድ ግድብ ላይ ያን ያህል ውሃ ሳይለቀቅ ይቆያል፣ ማታ ይለቀቃል። ይህም ማከማቻ ነው፤ ከባትሪው ይልቅ ኪሳራው ትንሽ ነው። ባትሪ ከሚገባበት 100 የሚመልሰው 85 ገደማ ነው። የወቅቱንም ነገር ብናይ ነፋሱ በበጋ ይበረታል፣ ወንዙ በክረምት ይሞላል። አዳማና አሸጎዳ ያሉት ተርባይኖች ከግድቦቹ ጋር የሚደጋገፉት በዚህ ነው። ለዚህ ሥራ ባትሪ መግዛት በተሠራ ቤት ላይ ሌላ ቤት መሥራት ነው።

ውሃው የማይችለው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ፍጥነት ነው፦ የተርባይኑ በር ሲከፈት ኃይሉ መጀመሪያ ለአፍታ ይቀንሳል፣ ከዚያ ነው የሚጨምረው፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ለመንቀሳቀስ ጊዜ ይፈልጋልና። ባትሪ ከ200 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ሁለተኛው ቦታ ነው፦ ግድቡ ቢሞላም 25 ኤምቪኤ ትራንስፎርመር ውስጥ 29 ሜጋዋት አያልፍም። የፊደር7 ችግር ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ሰነዱ መጀመር ያለበት «ትራንስፎርመሩን ማታ ለ3 ሰዓት ማገዝ» ከሚለው ነው፤ መጠኑ ከዚያ ይወጣል።

ስሌት_በወረቀት፦

እንግዲያው እናስላው።

25 ኤምቪኤ በ0.95 ፓወር ፋክተር (ከኤምቪኤው ሥራ የሚሠራው ድርሻ) 23.75 ሜጋዋት ነው። 23ን ጣሪያ እናድርግ። ትርፉ 3፣ 6 እና 4 ሜጋዋት ይሆናል፤ ድምሩ 13 ሜጋዋት ሰዓት። በኢንቨርተርና በማሳደጊያው ትራንስፎርመር 5 በመቶ ስለሚጠፋ ከባትሪው የሚወጣው 13.7 ነው። ከአቅሙ 90 በመቶ ብቻ እንጠቀም፣ 15.2። ባትሪው አርጅቶ 80 በመቶ ላይ ሲደርስም ይህንኑ መስጠት ካለበት 19 ሜጋዋት ሰዓት። ከ80 ጋር አስተያዩት።

አሁን ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በ314 አምፒር ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል የተሠራ ነው። 416 ሴል በተከታታይ አንድ ራክ (መደርደሪያ)፣ 12 ራክ አንድ ኮንቴይነር፤ 4,992 ሴል በ3.2 ቮልትና በ314 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 5 ሜጋዋት ሰዓት ይሆናል። አራት ኮንቴይነር 20 ይሰጣችኋል። ብዙዎቹ ግን በግማሽ ሲ የተወሰኑ ናቸው፤ ማለትም ሙሉውን ለመልቀቅ 2 ሰዓት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አራቱ 10 ሜጋዋት ናቸው እንጂ 20 አይደሉም። ሰነድ ላይ «20 ሜጋዋት ሰዓት» ብቻ ጽፎ ሜጋዋቱን መተው የተለመደ ስህተት ነው።

ደመናውን በተመለከተ፦ 20 ሜጋዋት በአንድ ደቂቃ ውስጥ 60 በመቶ ወረደ እንበል፤ 12 ሜጋዋት። ቋቱ በደቂቃ ከ10 በመቶ (2 ሜጋዋት) በላይ አይለወጥብኝ ካለ፣ ፖርቶ ሪኮ እንደጠየቀችው ማለት ነው፣ ባትሪው 12 ሰጥቶ በ6 ደቂቃ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ጉልበቱ የሦስት ማዕዘን ስፋት ነው፦ 0.6 ሜጋዋት ሰዓት። ኃይሉ ትልቅ፣ ጉልበቱ ኢምንት።

10 ሜጋዋት ባትሪ ታዲያ 12ን እንዴት ይሸፍናል? ቀን ላይ እየተሞላ ስለሆነ ነው። ከጠዋቱ 3 እስከ 10 ሰዓት ድረስ 14.5 ሜጋዋት ሰዓት ቀስ እያለ ሲገባ 2.1 ሜጋዋት ይስባል። ደመናው ሲመጣ መሙላቱን ማቆም 2.1፣ መልቀቅ 10፤ 12.1 ሆነ። በፍጥነት ሞልቶ እኩለ ቀን ላይ የሚቀመጥ ባትሪ ይህን ዕድል ያጣል፤ ከዚያም በላይ ሙሉ ሆኖ በሙቀት መቀመጥ ሴሉን ያስረጀዋል። ወደ ላይ የሚዘለውን፣ ደመናው ሲገለጥ ያለውን፣ የሶላሩ ኢንቨርተር ራሱ ይገድበው፤ ባትሪ አያስፈልገውም።

ሪሌይ_ክፍል፦

ስሌቱ ጥሩ ነው። ቮልቴጁን ግን ከባትሪው ጋር አታያይዙት።

የ12 ኪሎ ሜትሩ መስመር መቋቋሚያ በ150 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም 2.6 ኦም፣ ሪአክታንሱ 4.2 ኦም ገደማ ነው። 12 ሜጋዋት ሲጠፋ መስመሩ ላይ ያለው ለውጥ 2.6 በ12 ተባዝቶ ለ33 ካሬ (1,089) ሲካፈል 2.9 በመቶ ነው። ይህን ለማጥፋት የሚያስፈልገው ሪአክቲቭ (ሥራ ሳይሠራ ቮልቴጅን የሚያነሳና የሚጥል ኃይል) 7.4 ሜጋቫር ነው። የሶላሩ ኢንቨርተሮች ድምር 22 ኤምቪኤ ከሆነ ሙሉ 20 ሜጋዋት እየሰጡም 9.2 ሜጋቫር ይተርፋቸዋል። ስለዚህ በቮልቴጅ ድሩፕ (ቮልቴጁ በራቀ መጠን ሪአክቲቩን እንዲጨምሩ ወይም እንዲቀንሱ) አስተካክሏቸው፤ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ብዙ ቦታ ኢንቨርተሩ ፓወር ፋክተር 1 ላይ ተቆልፎ ይተውና «ሶላሩ ቮልቴጅ ያበላሻል» ይባላል።

ሌላው የትራንስፎርመሩ ታፕ ቼንጀር (ቮልቴጁን በደረጃ የሚያስተካክለው መቀየሪያ) ነው። እኩለ ቀን ላይ 20 እየገባ 14 ሲበላ 6 ሜጋዋት ወደ 132 ይመለሳል። አንዳንድ የቆየ ተቆጣጣሪ የመስመር ማካካሻው በርቶ ከሆነ የኃይሉ አቅጣጫ ሲገለበጥ ታፑን በተሳሳተ አቅጣጫ እየነዳ ጥግ ድረስ ይወስደዋል። ባትሪው ከመግባቱ በፊት ይህ ይፈተሽ።

የት ይቀመጥ ለሚለው መልሴ ሰብስቴሽኑ የ33 ባስ (መስመሮቹ የሚገናኙበት) ላይ ነው፣ በኤሲ። ማታ 10 ሜጋዋት በ12 ኪሎ ሜትሩ ሲመለስ 175 አምፒር ነው፤ 240 ኪሎዋት፣ 2.4 በመቶ፣ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው የመረቡ ጥንካሬ ነው። 132 ላይ ያለው የአጭር ዙር አቅም 600 ኤምቪኤ ቢሆን፣ የትራንስፎርመሩ ኢምፒዳንስ 10 በመቶ ይዘን፣ 33 ባሱ ላይ 177 ኤምቪኤ ይገኛል፤ መስመሩ ጫፍ፣ ሶላሩ ጋ፣ 102። ሶላሩና ባትሪው አንድ ላይ እዚያ ተቀምጠው 30 ሜጋዋት ቢያወጡ ምጥጥኑ (102 ለ30 ሲካፈል) 3.4 ነው። አንዱ የ132 መስመር ተቆርጦ አቅሙ 250 ቢወርድ 2.8 ይደርሳል። ከ3 በታች ሲሆን መረብ ተከታይ ኢንቨርተር (የመረቡን ቮልቴጅ እያየ የሚሠራ) የሚከተለውን ቮልቴጅ ራሱ እያንቀሳቀሰው ሊወዛወዝ ይችላል። ዲሲ ኩፕሊንግ የሚያዋጣው አዲስ ማመንጫ ላይ፣ ፓነሉ ከኢንቨርተሩ በ30 በመቶ በልጦ እኩለ ቀን ላይ የሚቆረጥ ኃይል ሲኖር ነው። እዚህ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው።

አጥቢያ_ኮከብ፦

አንድ ነገር ልጠይቅ። ለምን ሁለተኛ 25 ኤምቪኤ ትራንስፎርመር አይገዛም? ዕድሜው ከባትሪው በእጥፍ ይበልጣል፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ሶፍትዌር የለውም።

ገቨርነር፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሰነዱ ውስጥ መልሱ ካልተጻፈ ባትሪው መገዛት የለበትም። የ132 መስመሩ ሰፊ ከሆነና ችግሩ ትራንስፎርመሩ ብቻ ከሆነ እኔም ትራንስፎርመሩን እመርጣለሁ። ባትሪው የሚያሸንፈው መስመሩም ማታ ሲሞላ፣ ወይም ያለው አንድ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ከተማውን ሙሉ ጨለማ ላለመጣል ሲታሰብ ነው። 20 ሜጋዋት ሰዓት ለሆስፒታልና ለውሃ ፓምፕ 4 ሜጋዋት ብትመድብለት ሙሉ ሆኖ ካገኘኸው ከ4 ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ ቀን ላይ ሶላሩ ያስረዝመዋል።

ግን ለዚህ መረብ ፈጣሪ ኢንቨርተር (ቮልቴጁን ራሱ የሚፈጥር) መሆን አለበት፤ ግዢው ላይ ካልተጠየቀ በኋላ በቀላሉ የሚጨመር አይደለም። ሲነሳም ቮልቴጁን ከዜሮ ቀስ አድርጎ ፊደሩ ላይ ካሉት ትራንስፎርመሮች ጋር አብሮ ማሳደግ አለበት። ሙሉ ቮልቴጅ ይዞ ብሬከር ከዘጋ የትራንስፎርመሮቹ የመነሻ ከረንት ይጥለዋል፤ ኢንቨርተሩ ከመደበኛው ከ1.2 እጥፍ ብዙም አያልፍምና።

ሪሌይ_ክፍል፦

እዚያ ላይ ልጨምር። ያው 1.2 እጥፍ የመከላከያውንም ነገር ይለውጠዋል። ከተማው በባትሪ ብቻ ሲሄድ ፊደር ላይ አጭር ዙር ቢፈጠር፣ በ600 አምፒር የተዘጋጀ የኦቨርከረንት ሪሌይ (ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚያስቆርጥ) ምንም አያይም። 10 ሜጋዋት በ33 ኪሎ ቮልት 175 አምፒር ነው፤ 1.2 እጥፉ 210። ስለዚህ ሁለተኛ የሴቲንግ ግሩፕ አዘጋጁ፣ በቮልቴጅ መውረድ የሚታገዝ፣ የ132 ብሬከሩ ሲከፈት በራሱ የሚቀየር። የምድር ጥፋትን ለማየትም በ33 በኩል የኒውትራል መሬት መኖር አለበት። ዋናው ትራንስፎርመር ሲወጣ ኒውትራሉ አብሮ ከወጣ መረቡ ያለ ምድር ይንሳፈፋል። ዚግዛግ ትራንስፎርመር (ለመረቡ ኒውትራል የሚሰጥ) ባሱ ላይ ይቀመጥ።

ፊደር7፦

እጅግ ነው የማመሰግነው። ሰነዱ ውስጥ ሌላም አለ፦ «ባትሪው የብሔራዊ ቋቱን ፍሪኩዌንሲ ይደግፋል» ይላል። 10 ሜጋዋት ላይ ይህን ማለት ይቻላል?

ስሌት_በወረቀት፦

አባይን በጭልፋ። የሕዳሴ ግድብ አንድ ተርባይን 400 ሜጋዋት ገደማ ነው። እሱ ሲወጣ በመስመር ላይ 5,000 ኤምቪኤ ጄኔሬተር አለ፣ የክምችት ጊዜው (በሚሽከረከረው አካል ያለው ጉልበት ሙሉ ኃይሉን የሚሸፍንበት) 4 ሰከንድ ነው ብለን ብናስብ ፍሪኩዌንሲው በሰከንድ 0.5 ኸርዝ ይወርዳል። 10 ሜጋዋት ከ400 2.5 በመቶ ነው። ለዚያ ሥራ በመቶዎች ሜጋዋት ባትሪ ያስፈልጋል፣ ውይይቱም ሌላ ነው። ወደ ኬንያ የሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ መስመርም እስከ 2,000 ሜጋዋት ማሳለፍ ቢችልም ኢነርሺያ (የሚሽከረከሩ ማሽኖችን ድጋፍ) አያስተላልፍም።

ቢሆንም ድሩፑ (ፍሪኩዌንሲው በወረደ መጠን ኃይል መጨመሩ) ይዘጋጅ፤ ብዙ ትናንሾች ሲደመሩ ይጠቅማሉ። በ4 በመቶ ድሩፕ የ0.2 ኸርዝ መውረድ 1 ሜጋዋት ያስወጣል፣ በ2 በመቶ 2 ሜጋዋት። ጥንቃቄው የዝምታ ክልሉ (ባትሪው ምላሽ የማይሰጥበት የፍሪኩዌንሲ ክልል) ላይ ነው። ፍሪኩዌንሲው በተፈጥሮው ሰፊ የሚዋዥቅ ቋት ላይ ከአውሮፓ ሰነድ የተገለበጠ ጠባብ ክልል ካስገባችሁ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ሲገባና ሲወጣ ይውላል፤ ማታ ሲፈለግ ግማሽ ሆኖ ይገኛል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ፍሪኩዌንሲውን መዝግቡና ከዚያ ወስኑ።

ሥራን መከፋፈል እንዴት እንደሚጻፍ ማየት ለሚፈልግ፣ ደቡብ አውስትራሊያ ያለው ሆርንስዴል ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀምር 100 ሜጋዋት/129 ሜጋዋት ሰዓት ነበር፤ 70 ሜጋዋቱ ለ10 ደቂቃ ለመረቡ ደኅንነት፣ 30 ሜጋዋቱ ለ3 ሰዓት ለገበያ ተብሎ በውል ተለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ሲወጣ ግን ባትሪው በጨረታ የገባበትን ያህል ምላሽ አልሰጠም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ፍርድ ቤት ባለቤቱን 900,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ውላችሁ ውስጥ የሶፍትዌር ለውጥ በተደረገ ቁጥር የሐሰት ፍሪኩዌንሲ አስገብቶ ምላሹን መለካት ይካተት።

ኢንቨርተር_ቤት፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ 2,400 ሜትር። የውጭ ኢንሱሌሽን (በአየር የሚታገዘው የኤሌክትሪክ ማገጃ) የሚመዘነው እስከ 1,000 ሜትር ነው። በእናንተ ከፍታ ማረሚያው 1.19 ነው፤ 170 ኪሎ ቮልት የመብረቅ መቋቋሚያ የሚጠየቅበት ቦታ 202 ያስፈልጋል፣ ይህም ወደ ባለ 250ው ደረጃ ይወስዳችኋል። በጋዝ የታሸገ ስዊችጊር (የብሬከሮቹ ሳጥን) ውስጡ ከዚህ ነፃ ነው፤ ቡሺንጉ (ሽቦው ወደ ውጭ የሚወጣበት ማገጃ) ግን አይደለም። በአየር የሚቀዘቅዝ ኢንቨርተርም አየሩ ስለሚሳሳ አቅሙ ይቀንሳል፤ ብዙ አምራች ከ2,000 ሜትር በላይ የቅነሳ ሰንጠረዥ አለው፣ ሰንጠረዡን ከጨረታው ጋር ጠይቁ። በባሕር ወለል 10 ሜጋዋት የሆነው እናንተ ጋ ቀንሶ ሊገኝ ይችላል።

የቁጥጥሩ ነገር፦ የሶላሩ ተቆጣጣሪና የባትሪው ኢኤምኤስ (ባትሪውን የሚያዘው ሶፍትዌር) ሁለቱም አንድ ባስ ላይ ቮልቴጅ እንቆጣጠር ካሉ ሪአክቲቩን ሲወራወሩት ይውላሉ። አንዱ አለቃ ይሁን። በሞድባስ (መሣሪያዎቹ መረጃ የሚለዋወጡበት ዘዴ) በየሰከንዱ እየተጠየቀ የሚመጣ ንባብ ለደመና ይዘገያል፤ 100 ሚሊ ሰከንድ ይሁን። ሲቲው (የከረንት መለኪያው) ተገልብጦ ከታሰረ ባትሪው መልቀቅ ሲገባው ይሞላል። የመጀመሪያ ቀን ሙከራው በ500 ኪሎዋት ይሁን፣ በ10 ሜጋዋት አይደለም።

የሙሌት ንባቡንም አትመኑት። የዚህ ሴል ቮልቴጅ መካከሉ ላይ ጠፍጣፋ ስለሆነ 40 እና 60 በመቶ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ቢኤምኤሱ (ሴሎቹን የሚከታተለው መቆጣጠሪያ) የሚገምተው የገባውንና የወጣውን አምፒር በመደመር ነው፤ ስህተቱ ይጠራቀማል። በሳምንት አንዴ እስከ 100 ካልሞላ ስክሪኑ 35 እያለ አንዱ ራክ ወለል ነክቶ ይዘጋል።

ጋላፊ፦

ስለ ጉዞው። ባለ 5 ሜጋዋት ሰዓቱ ኮንቴይነር ከ40 ቶን በላይ ይመዝናል። ተራ ተሳቢ አይወስደውም፤ ሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ የከባድ ጭነት ተሳቢ)፣ የአክስል ፈቃድ፣ የድልድይ ፍተሻ ያስፈልገዋል። እንደ አደገኛ ጭነት በክፍል 9 ነው የሚጓዘው፤ ሰነዱ ከመርከብ በፊት ካልተሟላ ጅቡቲ ይቆማል። መቆሙ ራሱ ጉዳት ነው፦ ከፊል ተሞልቶ ይላካል፣ ወደብ ላይ በሙቀት ለወራት ሲቀመጥ ራሱን በራሱ ያራግፋል፣ አንዳንድ ሴል ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ ቢኤምኤሱ እስከ መጨረሻው ይቆልፈዋል። ውሉ ውስጥ ከስንት ወር በኋላ ማን እንደሚሞላው፣ በምን ጄኔሬተር፣ ካልሞላ ዋስትናው በማን እንደሚወድቅ ይጻፍ። መሠረቱም ቀድሞ ይጠናቀቅ፤ ኮንቴይነሩ ደርሶ ኮንክሪቱ ያልደረቀበት ቦታ ክሬኑ በቀን ሂሳብ ይቆማል።

ሪሌይ_ክፍል፦

ስለ እሳት ሁለት ነገር ብቻ።

ሐምሌ 2013 (ጁላይ 30 ቀን 2021) ቪክቶሪያ፣ አውስትራሊያ፣ 300 ሜጋዋት/450 ሜጋዋት ሰዓት ባትሪ ገና በሙከራ ላይ ሳለ አንድ ክፍል ተቃጥሎ ጎረቤቱን ያዘ። የማቀዝቀዣ ፈሳሽ አፍስሶ ነው። ክፍሉ በቁልፍ ጠፍቶ ስለነበር የራሱ ክትትልና መከላከያ አብሮ ጠፍቷል፤ ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደው መረጃም ገና አልተያያዘም። ስለዚህ «ጠፍቷል» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም። ስካዳው (የርቀት መከታተያው) ሳይገናኝ አንድም ራክ ቦታው ላይ አይቀመጥ።

ሚያዝያ 2011 (ኤፕሪል 2019) አሪዞና ውስጥ 2 ሜጋዋት ባትሪ ቤት ውስጥ ማጥፊያ ጋዙ ተለቆም ሴሎቹ መጋል አላቆሙም፤ ተቀጣጣይ ጋዝ ተጠራቀመ፣ በሩ ሲከፈት ፈነዳ፣ እሳት አደጋ ሠራተኞች ተጎዱ። የጋዝ መለኪያ፣ በራሱ የሚነሳ ማራገቢያ፣ ወደ ላይ የሚከፈት የፍንዳታ ክዳን ጠይቁ። የአካባቢው እሳት አደጋም ኮንቴይነሩን እንዳይከፍት፣ ከሩቅ ሆኖ ጎረቤቶቹን በውሃ እንዲያቀዘቅዝ ቀድሞ ይነገረው። ለዚያ የሚሆን ውሃ ግቢው ውስጥ መኖሩን አሁን አረጋግጡ፤ ሰብስቴሽን አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

ፊደር7፦

እስካሁን የተረዳሁትን ላስቀምጥ፦ 10 ሜጋዋት/20 ሜጋዋት ሰዓት በ2,400 ሜትር ላይ የተረጋገጠ፣ 33 ባሱ ላይ፣ በኤሲ፣ መረብ ፈጣሪ፣ ዚግዛግ ከነሁለተኛ ሴቲንጉ፤ ቮልቴጁን ሶላሩ በራሱ። ከሁለተኛ ትራንስፎርመር ጋር ያለው የዋጋ ንጽጽር ሰነዱ ፊት ለፊት ይቀመጣል። መልቀቂያውን በቋሚ ሰዓት ላድርገው ወይስ በትራንስፎርመሩ ጭነት?

ኢንቨርተር_ቤት፦

በጭነቱ፦ 23 ሲያልፍ ትርፉን ብቻ ይስጥ። በቋሚ ሰዓት ከሆነ የበዓል ዋዜማ ላይ ምጣዱ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ስለሚነሳ ሰዓቱ አይገጥምም። ሰዓቱን እንደ መጠባበቂያ ብቻ አስገቡት። ኢኤምኤሱ በ24 ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ 12:30 ብሎ ያስገባ ኦፕሬተር ባትሪውን እኩለ ቀን ላይ ያራግፈዋል። መመሪያው ላይ 18:30 ብላችሁ ጻፉ፣ አጠገቡ ከምሽቱ 12:30።